እርም ያልወጣለት በረኛ

የአውራጃውን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ታሪክ የሚያወራ ሁሉ ከዋንጫው ይጀምራል። አንጥረኛው ከአሮጌ መዳብ ቀጥቅጦ እንደሠራው፣ በሁለተኛው ዓመት ደጋፊ ሲናጠቀው አንድ ጆሮው ተገንጥሎ እንደቀረ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አሸናፊው በአንድ ጆሮው አንጠልጥሎት እንደሚዞር ያወራል። ያውራ። እኔ ግን ከሳፋ ነው የምጀምረው። ዋንጫው በየዓመቱ ባለቤት ሲቀያይር፣ ሳፋው የአንዲት ሴት ብቻ ሆኖ ኖሯል።

ሴትዮዋ የሜዳው ልብስ አጣቢ ናት፤ ተጫዋቾቹ «እማማ ሳፋ» ይሏታል። ክፍሏ ከተመልካች መቀመጫው ሥር ነው። ጣሪያው እንደ ደረጃው እያዘቀዘቀ ስለሚሄድ ረጅም ሰው ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ያጎነብሳል። ሁለት ሳፋ፣ አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ሽቦ፣ በጣሳ የታጨቀ የእንጨት መቆንጠጫ፤ ንብረቷ ይኸው ነው። ሰውን ከፊቱ ይልቅ በማሊያው ታውቀዋለች። ብብቱን ገልበጥ አድርጋ አይታ «ይኼኛው ዛሬ ሲያወራ ነው የዋለው» ትላለች። አንዴ አንድ አምበል ካልሲዬ አልጠራም ብሎ ቢነጫነጭ፣ «የኔ ልጅ፣ ኳሱን ትተህ ጭቃውን ስታሳድድ ውለህ እኔ ምን ላድርግህ» ብላ ጓደኞቹን ሁሉ አስቃበታለች። የተቀያሪውን ማሊያ ግን፣ አንዴም ሜዳ ያልረገጠውን፣ ከሌሎቹ ጋር ዘፍዝፋ ታጥበዋለች። «ንጹሕ ነው ብዬ ብመልስለት ሆዱ ይብሰዋል» ትላለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት፤ ምላሷ ኮምጣጣ፣ አንጀቷ ቡቡ።

ከዚህ ሁሉ ማሊያ መሐል አንድ የራሷ አለ። አረንጓዴ፣ እጅጌው ረጅም፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ የበረኛ ማሊያ ነው። የባሏ ነው።

ባሏ የጡብ ፋብሪካው በረኛ ነበር። ቀን ጡብ ይጭናል፣ ከሥራ ሲወጣ ጎል ይጠብቃል። «አጥር» ይሉት ነበር፤ ዝላዩ ያን ያህል ባይሆንም መቆሚያውን ያውቅበታል። አንድ ልማድ ነበረው። ሰው ሊመታበት ሲንደረደር እጁን ሁለቴ ያጨበጭባል። ጧ፣ ጧ። ከዚያ ጸጥ። ያን ድምፅ የሰማ መቺ እግሩ ይተሳሰርበታል ይባል ነበር። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ግን ያለ አንዳች ጥርጥር ያምንበት ነበር።

የፋብሪካው ቡድን፣ «ጡቦቹ»፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋንጫ ያለፉ ዓመት፣ በዋዜማው ማሊያውን አጠበችለት። ሰማዩ ጨፍግጎ ዋለና ማሊያው ሳይደርቅ አደረ። ጠዋት የጭነት መኪናው ደጅ ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ ባሏ እጅጌውን ዳሰስ አድርጎ ሳቀ።

«እርጥብ ነው። የተቀያሪውን እለብሳለሁ፤ ይኼን አቆዪልኝ» አላት።

ሆዷ ገፍቶ ስለነበር ደጅ ድረስ አልሸኘችውም። ከመኪናው ላይ ሆኖ ሁለቴ አጨበጨበላት። በመስኮት ሰማችው።

መኪናው ወንዙን የሚሻገረው በእንጨት ድልድይ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ነበርና ድልድዩ መሐል ላይ ከዳቸው። ሌሎቹን ወንዙ እያደር መለሳቸው፤ አንዱን ከአሸዋ ላይ፣ አንዱን ከቁጥቋጦ ሥር። በረኛውን ግን አልመለሰም። የፋብሪካው ሰዎች ወንዙን ተከትለው እስከ ታች ወርደው ፈለጉ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። የዚያ ዓመት ዋንጫም ባለቤት አላገኘም፤ ተጋጣሚዎቹ «የሞተ ሰው ዋንጫ አንበላም» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዋንጫው ላይ የአሸናፊዎች ስም ሲቀረጽ፣ የዚያ ዓመት ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ሌሎቹ ሚስቶች ቀበሩ፣ አለቀሱ፣ ጥቁር ለበሱ፣ ጊዜው ሲደርስም አወለቁ። እሷ ምን ትቅበር? «አቆዪልኝ» የተባለችውን ማሊያ ይዛ ቀረች። «ተይ እርምሽን አውጪ» ያሏትን ሁሉ፣ አማቷን ሳይቀር፣ «ሞቷል ያላችሁ ማነው? አሳዩኛ» እያለች አፋቸውን አስያዘቻቸው። ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷም «አባትሽ ሲመጣ» እየተባለች አደገች።

በሚቀጥለው ዓመት ዕጣ ሲወጣ የፌዴሬሽኑ ሰዎች የጡቦቹን ዕጣ ከከረጢቱ ማስቀረት ጨነቃቸው። ስማቸውን ወረቀት ላይ መጻፉም ከበዳቸው። በመጨረሻ አንዱ ከፋብሪካው የጡብ ስባሪ አምጥቶ ከወረቀቶቹ መሐል ጣለ። ስባሪዋ የደረሰቻቸው የዱቄት ፋብሪካው ልጆች ነበሩ። በፎርፌ ማለፍ ይችሉ ነበር፤ ግን «ሙት ላይ ዝም ብሎ ማለፍ ሌብነት ነው። ሜዳ ወጥተን፣ አንድ ኳስ መትተን፣ አንገታችንን ደፍተን እንለፍ» አሉ። ያው ልማድ ሆኖ ቀረ። ስባሪዋ የደረሰችው ቡድን በየዓመቱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ ከፊቱ ማንም የለም። ዳኛው የበረኛውን ስም ጠርቶ ፊሽካ ይነፋል፣ አንድ ሰው ከቅጣት ምቱ ነጥብ ላይ ወደ ባዶው ጎል ይመታል፣ ኳሱ መረብ ይነካል፣ አለቀ። የዚያን ጊዜው የፌዴሬሽኑ ጸሐፊ ፍርድ ማዛባት የማይወድ ሰው ስለነበር ደንቡ ላይ አንድ ነገር አከለ፤ ኳሱ ካልገባ ጡቦቹም በተራቸው አንድ ይመታሉ፣ ካገቡም ያልፋሉ። ሰው ሳቀበት። ባዶ ጎል ማን ይስታል? ቢስትስ ለሙታን ማን ይመታል?

አረንጓዴውን ማሊያ ከጎሉ ቋሚ ላይ የምታስረው እሷ ናት። ከመረቡ ጀርባ ቆማ፣ ኳሱ ሲገባ አውጥታ ለዳኛው የምታቀብለውም እሷ ናት። አጣቢነቱን የያዘችውም ለዚሁ ነው እንጂ ደሞዙ የሚያጓጓ ሆኖ አይደለም። «ባሌ ቆሞ ካገቡበት፣ ሳይኖር ያገቡበት በለጠ» ትላለች። ሰሚው ይሳቅ አይሳቅ ግራ ይገባዋል፤ እሷ አትስቅም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ያን ማሊያ ባጠበች ቁጥር ከሳፋው ሥር አሸዋ ይዘቅጣል። የሜዳ አፈር አይደለም፤ ደቃቅ የወንዝ አሸዋ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት የታጠበ፣ አንድም ቀን ያልተለበሰ ማሊያ አሸዋ ከየት ያመጣል? ከቧንቧው ነው ያላት ሰው ነበር። እሺ ይሁን፤ ታዲያ ከሌሎቹ ማሊያዎች ለምን አይወርድም? ደግሞ አይደርቅም። ከሌሎቹ ጋር ይሰጣል፣ ሌሎቹ ደርቀው ይንኳኳሉ፣ የሱ እጅጌ ግን ሲዳሰስ ያው እንደዚያ ቀን ጠዋት እርጥብ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ጭብጨባው ነው። ብቻዋን ሳፋ ላይ አጎንብሳ፣ ሐሳብ ይዟት ጭልጥ ሲል፣ ጧ፣ ጧ ይላል። ቀና ትላለች። ማንም የለም። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትወጣለች። ሜዳው ባዶ ነው፤ መረቡ በነፋስ ይወዛወዛል። መጀመሪያ ሰሞን በሩን ዘግታ ትቀመጥ ነበር። ኋላ ለመደችውና «መጣህ?» ብላ ማጠቧን ትቀጥላለች። ፍርሃቱ ግን አንድም ቀን አልለቀቃትም፤ ሰውነቷ ሁሉ ጆሮ ሆኖ ነው የኖረችው።

ዘንድሮ የዕጣው ሳምንት አዲሱ ጸሐፊ ክፍሏ ድረስ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጣሪያው ግንባሩን እንዳይመታው አጎንብሶ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆመ።

«እማማ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎት ብዬ ነው» አለ። «ከትናንሽ ከተሞች የሚመጡ ቡድኖች በዝተዋል። ቦታ አጥተው ዓመት ከዓመት የሚጠብቁ አሉ። ከዘንድሮ ጀምሮ በመጀመሪያው ዙር የወደቀ ሁሉ፣ ለሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ማጣሪያ ተጫውቶ ነው የሚገባው።»

«ይጫወቱዋ።»

«ጡቦቹ ግን…»

«ጡቦቹ ማጣሪያ መጫወት አይችሉም። እሱን ለመናገር ነው ይህን ሁሉ የተጨነቅከው?»

ጸሐፊው ኮፍያውን ማዞሩን ተወ። «ዘንድሮ ከወደቁ ስባሪዋ ከከረጢቱ ትወጣለች እማማ። ለዘለቄታው።»

«በል ልጄ፣ ካልሲው እየጠበቀኝ ነው» አለችው።

እሱ ሲወጣ አንዱን ካልሲ ደጋግማ አጠበችው። ስባሪዋ ወጣች ማለት የባሏ ስም በዓመት አንዴም አይጠራም ማለት ነው። ስሙ የሚጠራ ሰው ደግሞ አልሞተም፤ በዚህች ሐሳብ ተደግፋ ነው እስከ ዛሬ የቆመችው። እሷን ከወሰዱባት ምን ይዛ ትቆማለች?

ልጇ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሌላ ከተማ አግብታ ትኖራለች። እናቷን ልትወስዳት ስትለምን ዓመታት አልፈዋል፤ መልሱ ሁሌ «ዋንጫው ይለፍ» ነው። ወሬውን ስትሰማ ሥራዋን ጥላ መጣች።

«እማ፣ ክፍሉ ተዘጋጅቶልሻል። ከጨዋታው በኋላ አብረን እንሄዳለን።»

«ቢመጣስ? ቤቱን ተዘግቶ ያግኘው?»

«ማን?»

ልጅቷ ማን እንደሆነ ጠፍቷት አልነበረም የጠየቀችው።

«እኔ እኮ አባት የለኝም እማ» አለች ቀስ ብላ። «የሞተ አባት እንኳ የለኝም። የነዚያ የሌሎቹ ልጆች አልቅሰው ወጣላቸው። እኔ በር በር እያየሁ ነው ያደግሁት።»

ይህ ነገር የእናትየውን አንጀት በላው። ማሊያውን አጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችና ተነሳች።

ዕጣው ወጥቶ ስባሪዋ ዞራ ዞራ ለዱቄት ፋብሪካው ደርሳ ነበር። የጨዋታው ቀን ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ፤ የመጨረሻው መሆኑን ያልሰማ የለም። ጡብ ፋብሪካ ድሮ የሠሩ ሽማግሌዎች ከፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። እሷ ማሊያውን ከቋሚው ላይ አሰረች፣ ከመረቡ ጀርባ ቆመች። ልጇ ከጎኗ ቆመች። የዱቄት ፋብሪካው አምበል ኳሱን ነጥቧ ላይ አኖረ። አጥቂ ነው፤ ቅጣት ምት ስቶ አያውቅም ይባላል። ማሊያውን አየት አደረገና ዓይኑን መለሰ። ፊሽካው ተነፋ። አጥቂው ተንደረደረ።

ጧ፣ ጧ።

የአጥቂው እግር በመሐል ተሳሰረ። ኳሱ ወደ ጎን ሾልኮ፣ ማሊያው የታሰረበትን ቋሚ መትቶ፣ እየተንከባለለ ወጣ።

አጥቂው ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰምታችኋል? እናቴ ትሙት፣ አጨበጨበ» አለ። ከፊት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ። ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው «አጥር» አለ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ሜዳው ሁሉ «አጥር፣ አጥር» ማለት ጀመረ።

እሷ የልጇን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። እንባዋ ይወርዳል፣ አፏ ይስቃል።

«ሰማሽው? እኔ ብቻዬን ስሰማው የኖርኩትን ሰው ሁሉ ሰማው። አላበድኩም። መጥቷል።»

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። የእናቷን ሁለት እጆች ያዘች።

«እማ» አለች፣ «አንቺ እኮ ነሽ ያጨበጨብሽው።»

«እኔ?»

«አንቺ። አጠገብሽ ቆሜ አየሁሽ። ዛሬ የጀመርሽው ደግሞ አይደለም። እጅሽን ከሳፋ ስታወጪ ታጨበጭቢያለሽ። ድስት ጥደሽ ሐሳብ ሲወስድሽ ታጨበጭቢያለሽ። ትንሽ ልጅ ሆኜ እኔን የምትጠሪኝ እየመሰለኝ እሮጥ ነበር። ሳድግ ደግሞ እያወቅሽ የምታደርጊው መሰለኝ፤ ሆድ እንዳላስብስሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

እናትየው መዳፏን ገልብጣ አየችው። ቀልቷል። ይለበልባታል።

እዚያው ቆማ፣ ሜዳው ሁሉ የባሏን ቅጽል ስም እየጠራ፣ ነገሩ ገባት። ያን ሁሉ ዓመት «መጣህ?» ስትለው እሱ አልመጣም ነበር። የምትጠራው እሷ፣ የምትመልሰውም እሷ። እሱ ነው እረፍት የነሳኝ ስትል ኖራ፣ እረፍት የነሳችው እሷ ሆና ተገኘች። ወንዝ የበላውን ሰው በየዓመቱ ጎትታ እያመጣች ባዶ ጎል ላይ ታቆመዋለች፣ በየዓመቱም ጎል ይገባበታል፤ ሂድ ያለው የለም። አዘነችለት። መጀመሪያ ያዘነችው ለራሷ ሳይሆን ለሱ ነው።

ጸሐፊውና ዳኛው እየሮጡ መጡ። ስባሪዋን ከከረጢቱ ሊያወጣ የነበረው ጸሐፊ ዛሬ ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

«እማማ፣ ደንቡ ጡቦቹም አንድ ይምቱ ይላል። ካገቡ ያልፋሉ፣ ስባሪዋም በቦታዋ ትቆያለች። ከጡቦቹ ወገን ሜዳው ላይ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለና ኳሱን አስታቀፋት።

ኳሱን ታቅፋ፣ በላስቲክ ጫማዋ፣ የሜዳውን ርዝመት አቋርጣ ወደ ሌላኛው ጎል ሄደች። የዱቄት ፋብሪካው በረኛ ወጣት ነው፤ ወደ ነጥቧ ስትቀርብ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከላት።

«እማማ፣ በግራዬ በኩል ይምቱት። እኔ በቀኝ እወድቃለሁ።»

«ደግሞ ልትወድቅ? ማሊያውን የሚያጥበው ማን ሆኖ ነው?» አለችው። ልጁ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

ኳሱን ነጥቧ ላይ አኖረችው። አንዲት ነካ ብታደርገው ይገባል፤ ተቃዋሚ የሌለው ጎል ነው። ባሏ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው፣ እሷ እስክትሞት ድረስ። እስክትሞት ድረስም ልጇ በር ታያለች።

ጎንበስ አለች። ኳሱን አነሳችው። ዞራ በመጣችበት ተመለሰች።

የባሏ ጎል ጋ ስትደርስ ከማሊያው ፊት ቆመች።

«አቆዪልኝ ብለኸኝ አቆየሁልህ» አለችው፣ ቤት ውስጥ እንደምታናግረው ባለ ድምፅ። «ከዚህ በላይ ማቆየት ግፍ ነው። በቃህ፤ ሂድ።»

ከዚያ ኳሱን በሁለት እጇ ከመስመሩ አሳልፋ፣ መረቡ ሥር አስቀመጠችው።

«ገባ» አለች ወደ ዳኛው ዞራ። «ንፋው።»

በእጅ የገባ ጎል አይቆጠርም የምትል ካለህ፣ ሂድና ለዳኛው ንገረው። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠግቶ ረጅም አድርጎ ነፋው። የዱቄት ፋብሪካው ልጆች አንገታቸውን ደፍተው አለፉ።

ማሊያውን ከቋሚው ፈታችው። እንደ ልማዷ እጅጌውን ዳሰሰች። ደጋግማ ዳሰሰችው፣ ጉንጯ ላይም አደረገችው። ደርቋል። አሸዋው ከየት ይመጣ እንደነበር እኔም አላውቅም፣ እሷም ከዚያ ወዲህ ጠይቃ አታውቅም።

ልጇ ከመረቡ ጀርባ እንደቆመች ነች። ወደሷ ሄደች። ብዙ ሰው በሕይወቱ አንዴ መርዶ ነጋሪ ሲሆን፣ ቃሉን እየፈለገ እንደሚንተባተበው ሁሉ፣ ትንሽ ተንተባተበች።

«ልጄ» አለቻት፣ «ጠንከር በይ። አባትሽ ሞተ።»

ልጅቷ ጮኸች። ዕድሜዋን ሙሉ ስታውቀው የኖረችውን ነገር ገና አሁን እንደሰማ ሰው ጮኸች፣ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ከመቀመጫቸው እየተነሱ ወደ ሜዳው ወረዱ፤ የሞተበትን ሰው እንደሚያጽናኑት ዙሪያቸውን ቆሙ። እናትየውም ማሊያውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በስሙ እየጠራችው፣ እርሟን አወጣች።